የኤልዶን ስቶዳርድ ቦት ጫማ

ልጁ የተገኘው ዓርብ ጠዋት ነው። ላም የጠፋችበት አንድ ከብት አርቢ ደረቁን ፈፋ ተከትሎ ሲወርድ፣ ከድንጋይ ሥር የተጋደሙ ሁለት ቦት ጫማዎች አየ። ሰው የጣላቸው መስሎት ነበር። ቀረብ ሲል እግር አለባቸው።

መርማሪ ቮን ቶልማን ሲደርስ ፀሐይዋ ቀዩን ገደል ገና መላስ ጀምራለች። እዚያ አገር ሐምሌ ዝናብ አያውቅም፤ ጠዋቱ ራሱ ትኩስ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ተንበረከከ። ልጁ ኮርዊን ፔል ይባላል፣ ዕድሜው ዐሥራ ስድስት ነው። ላንተርን ሜሳ ከሚባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ማክሰኞ ሌሊት ጠፍቷል ተብሎ፣ ረቡዕ ማታ ለሸሪፉ ቢሮ ተደውሎ ነበር።

«ሙቀት ነው የገደለው» አለ አስከሬን መርማሪው፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «ሁለት ቀን ሆኖታል። ያለ ውሃ እዚህ በረሃ ውስጥ ሮጠ፣ ወደቀ። ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?»

«እጁን አየኸው?»

የልጁ የጣቶች አንጓ ተልጦ ደም ደርቆበታል። ጥፍሮቹ ውስጥ ነጭ ነገር ተሰንቅሯል።

«ሰው መትቶ ይሆናል። እነዚያ ልጆች ጠበኞች አይደሉ!»

ቶልማን ወደ እግሩ ተጠጋ። ዓይኑ ጫማዎቹ ላይ ነበር። ሰፊ ናቸው፤ ልጁ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ደርቦ እንኳ አልሞላቸውም። በግራው ጫማ ቆዳ ላይ፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት አለ፦ ግማሽ ጨረቃ፣ ከሥሯ አንድ መስመር። አልደር ዌልስ በምትባለው ከተማቸው ያደገ ሰው ከፊደል በፊት የሚማረው የጎረቤቶቹን የከብት ምልክት ነው። ይሄ የኤልዶን ስቶዳርድ ነው። ኤልዶን ደግሞ ባለፈው ክረምት ሞቷል፤ ቀብሩ ላይ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ራሱ ቶልማን ነበር።

*

ላንተርን ሜሳ ከከተማው በላይ፣ መንገዱ ከሚያልቅበት ነው። ወላጅ አልሰማ ያለ፣ ዕፅ የቀመሰ፣ ከቤት የኮበለለ ልጅ ከመላ አገሪቱ ይላክበታል። በሩ ላይ ሁልጊዜ ቁልፍ አለ።

ኃላፊው ኬንድል ረስት እጁን ዘርግቶ ወጣ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከቶልማን አንድ አግዳሚ ወደ ፊት የሚቀመጥ፣ ረጅም፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው።

«ወንድም ቮን። ምነው እንዲህ ባለ ቀን ተገናኘን!»

«ምነው ማለትህ ደግ ነው። ማክሰኞ ሌሊት የጠፋ ልጅ ረቡዕ ማታ ድረስ ለምን አልተነገረንም?»

«እኛው ስንፈልግ ነበር። ደግሞ ረቡዕ እንግዳ ነበረችብን፤ የመንግሥት ተቆጣጣሪዋ፣ ለፈቃድ እድሳት። ከቀትር በፊት መጥታ ከሰዓት በኋላ እስክትሄድ ከአጠገቧ አልተለየሁም። ጠይቃት።»

«እጠይቃታለሁ። ያደረገው ጫማ የኤልዶን ነው።»

ረስት ዓይኑን ሳያርገበግብ ራሱን ነቀነቀ። «እህት አርቪላ የባሏን ልብስ ለእኛ ሰጥታን የለም እንዴ? በረቱ ውስጥ አስቀምጠነው ነበር። ሰርቆ ይሆናል፣ ነፍሱን ይማረውና።»

እውነት ነው፤ አርቪላ ልብስ መስጠቷን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ልትጠየቅ ደግሞ ከተማ ውስጥ የለችም፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ልጇ ሄዳለች። ቶልማን ጥያቄውን አጥፎ አስቀመጠው።

በኮሪደሩ ዳር ልጆች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተደርድረዋል። ሁሉም በካልሲ ናቸው። ጫማዎቻቸው ቢሮው ውስጥ፣ ከመስተዋት ጀርባ ተቆልፎባቸው ይታያሉ።

«ኮርዊን አጠገብ የሚተኛው ማን ነበር?»

አይዛያ ብሩም የሚባል ቀጭን፣ ጥቁር ልጅ አመጡለት። ረስት አብሮ ሊቀመጥ ወንበር ሳበ።

«አንተ ውጣልኝ፣ ኬንድል።»

«ሕጋችን እኮ...»

«የእኔም ሕግ አለኝ።»

በሩ ሲዘጋ ልጁ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሳይፈቀድለት አይቀመጥም።

«ተቀመጥ፣ የእኔ ልጅ።»

«እሺ ጌታዬ።»

«ኮርዊን ጓደኛህ ነበር?»

«እዚህ ጓደኛ መያዝ አይፈቀድም ጌታዬ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀልደኛ ነበር። የአቶ ረስትን አነጋገር ያስመስል ነበር። በሳቅ ይገድለን ነበር።»

«ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

ልጁ በሩን አየ። «ብናገር ይዘውኝ ይሄዳሉ?»

«ዛሬ አልችልም። ወላጅ ፈርሞ ያስገባውን ልጅ እንዲህ መንጠቅ አይፈቀድልኝም። ግን ሞቱ ከእነሱ እጅ የመጣ መሆኑን ካሳየሁ ፈቃዳቸው ይነጠቃል። ፈቃድ ከሌላቸው ቤቱ ይዘጋል፤ ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ።»

«ቃልዎ ነው?»

ቶልማን ይሄን ያለው አምኖበት ነው። «ቃሌ ነው።»

አይዛያ ከንፈሩን ነከሰ። የሚደብቀው ነገር እንዳለ ያስታውቃል፤ ግን የወጣው ሌላ ነበር። «ቦት ጫማ አልነበረውም ጌታዬ። በካልሲ ነው የወጣው። በረቱም ተቆልፏል፤ ማንም አይገባበትም።»

በሩ ተንኳኳ። ልጁ ደንግጦ ተነሣና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

*

ማክሰኞ ሌሊት ተረኛ ጠባቂ የነበረው ታይሰን ቤክ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ቶልማን እናቱ ቤት፣ ጋራዡ ውስጥ አገኘው። ግንባሩ ላይ ትልቅ እብጠት አለ።

የተላጡት የኮርዊን ጣቶች ቶልማን ፊት ድቅን አሉ።

«ማን መታህ?»

«ልጁ። ሊያመልጥ ሲል ገፈተረኝ፣ መታኝ። ለወንድም ረስትም ነግሬዋለሁ።»

«አንተስ መልሰህ አልመታኸውም?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ጎትተህ ፈፋው ድረስ አልወሰድከውም?»

«ቮን!» ድምፁ እንደ ሕፃን ሆነ። «እናቴን ታውቃት የለም? እኔን ታውቀኝ የለም?»

«ስለማውቅህ ነው መዋሸትህ የገባኝ። ገና ትንሽ ሳለህ ከእኔ አትክልት ቦታ ሐብሐብ ሰርቀህ ስትክድ ጆሮህ እንዲሁ ይቀላ ነበር።»

ታይሰን ጆሮውን በእጁ ሸፈነና ማልቀስ ጀመረ።

«በሩን ከፍቼ ተውኩለት። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ላይ ነበር ያቆሙት፤ ውሃ ሲጠይቅ ዝም በሉት ተባልን። አልቻልኩም። ‹ምታኝ፣ ታግለኸኝ አመለጥክ እንድል› አልኩት። ‹አንተን አልመታም› አለኝ። እኔው ግንባሬን ከበሩ ጋር አጋጨሁት።» አፍንጫውን ጠረገ። «ከተማ ከደረሰ አንድ ሰው ይረዳዋል ብዬ ነው። ሕዝባችን እኮ ደግ ነው።»

ቶልማን አመነው። ይሄኛው መንገድ እዚህ ላይ አለቀ።

*

እህት አርቪላ ስቶዳርድ የተመለሰችው እሑድ ነው። ቶልማን ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደ። በረንዳዋ ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች፤ ዜናውን ገና አልሰማችም።

«ና ቁጭ በል፣ ልጄ። ከስተሃል። ሎሚ ልጭመቅልህ?»

«አይቸገሩ፣ እህት አርቪላ። ስለ ኤልዶን ልብስ ልጠይቅዎት ነው። ለትምህርት ቤቱ ሲሰጡ ቦት ጫማውንም ሰጥተው ነበር?»

«ኮትና ሸሚዙን ብቻ። ጫማውን ግን አልሰጠሁም። ሁለት ጥንድ ነበረው፤ የሥራና የእሑድ። በር ላይ ሲቆሙ ቤቱ ወንድ ያለበት ይመስላል።» ፈገግ አለች። «የሥራውን ግን ረቡዕ ማለዳ ለዚያ ልጅ ሰጠሁት። ደህና ነው እንዴ ልጁ?»

ቶልማን ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አዞረው። «የትኛው ልጅ?»

«የላይኛው ትምህርት ቤት ልጅ ነዋ! ጎህ ሲቀድ አንኳኳ። ካልሲው አልቆ፣ እግሩ በእሾህ ተበሳስቶ። ደም ነው ቮን፣ ደም። በገንዳ አጠብኩለት፣ እሾሁን ነቀልኩለት። ፓንኬክ ጋገርኩለት፤ እንዴት እንደበላ! ሲጠግብ ያስቀኝ ጀመር። የኬንድልን አነጋገር ሲያስመስል ብትሰማው!» ሳቀች። «የኤልዶንን ካልሲና ጫማ አደረግኩለት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሁላችንም እንደምናደርገው፤ ኬንድል ጋ ደወልኩ። ልጅ ጠፍቶበት ሲጨነቅ ዝም ልበል? ልጁ መደወሌን ሲሰማ ገረጣ፤ ግን አልሮጠም። ‹አመሰግናለሁ እመቤት፣ ጫማውን እመልሳለሁ› አለኝ። ኬንድል በነጯ መኪና መጥቶ፣ አመስግኖ ወሰደው።»

የባቄላው ሳህን ላይ እጇ ቆመ። የመርማሪውን ፊት አየችው።

«ቮን... ጫማውን ለምን ትጠይቀኛለህ?»

*

ረስት ዋሽቷል። ልጁ ረቡዕ ማለዳ እጁ ገብቷል። ግን ማለዳ በሕይወት የተረከበው ልጅ ቀን ላይ በሙቀት ሞተ፤ ቀኑን ደግሞ ረስት ከመንግሥት ሰው አጠገብ አልተለየም። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

ተቆጣጣሪዋ ማሪቤል ኦቾዋ ሰኞ ከዋና ከተማው ወረደች። ከማደያው አጠገብ ባለች ምግብ ቤት ተገናኙ። አምሳ የሚሆናት፣ መንገድ ያደከማት ሴት ናት። ድንችና አይብ አዝዛ አልነካችውም።

«የደቡቡን ክፍል በሙሉ የምቆጣጠረው እኔ ብቻ ነኝ» አለች ሳትጠየቅ። «ይሄንን እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው።»

«አውቄያለሁ። ረቡዕ የሄዱት ሳያስታውቁ ነው?»

«ሳላስታውቅ ነው። ደንቡ እንደዚያ ይላል።» ሳህኑን ገፋ አደረገች። «ከማደያው ግን ደወልኩ። በራቸው ቁልፍ ነው፤ ላይ የእጅ ስልክ አይሠራም። ሰው በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ሲነፋ ደስ አይልም። ለጨዋነት ያህል።»

«ከማደያው እስከ እነሱ በር ረጅም መንገድ ነው።»

«ነው።»

«የጠፋ ልጅ እንደነበረ ነገሩዎት?»

«በፍጹም! ቢነግሩኝ ኖሮ እድሳቱን አላሳልፍም ነበር። ዘንድሮ ሁለት ልጅ ጠፍቶባቸዋል። ሦስተኛ ቢጨመር ፈቃዱ ይታገድ ነበር።»

ቶልማን ይሄኛውን በልቡ አስቀመጠው። «ምን ምን አዩ?»

«ሁሉንም። መኝታውን፣ ወጥ ቤቱን፣ የእሳት ማጥፊያውን። ያልተከፈተልኝ በር የለም። ልጆቹ ሁሉ ጫማ አድርገው፣ ንጹሕ ለብሰው ዘመሩልኝ። ድምፃቸው እንዴት ያምራል! ምሳ አቀረቡ፤ እምቢ ማለት ነውር ነው ብዬ በላሁ። አቶ ረስት ለአፍታም ከአጠገቤ አልጠፉም።»

«እንግዳ ነገር አላዩም፣ አልሰሙም?»

«ምንም። ፈረሷ ብቻ ትንሽ ረበሸችን።»

«የትኛዋ ፈረስ?»

«ከበረቱ ኋላ፣ የፈረስ መጫኛው ተጎታች ውስጥ ያለችው። ትደበድባለች፣ ትደበድባለች! ‹አመለኛ ናት፣ ሐኪም ጋ ልንወስዳት ነው› አሉኝ። ልጆቹ ሲዘምሩ ድምፁ ተሸፈነ። በኋላማ ራሷም ጸጥ አለች። ‹ተኛች› አሉኝ፤ ሳቅን።»

ቶልማን ሹካውን አስቀመጠ። በረዶ ሲቀልጥ የአልደር ዌልስ ሰው ፈረሶቹን አንድ ላይ ነድቶ ለግጦሽ ተራራ ያወጣል፤ እስከ መስከረም ማንም አያወርድም። ዘንድሮ በሰኔ መጀመሪያ የላንተርን ሜሳን ፈረሶች ከራሱ ጋር ቀላቅሎ የነዳው እሱ ነበር። አንድም አልቀረም።

«ወይዘሮ ኦቾዋ፣ በሐምሌ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ፈረስ የለም።»

«ፈቃዳቸው ላይ እኮ ፈረስ አለ። ልጆቹን በፈረስ እናክማለን ብለው ነው የተመዘገቡት።»

«ፈረሶቹ ተራራ ላይ ናቸው።»

አልገባትም። ከዚያ ገባት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ነጭ ወደሚነደው መንገድ አየች።

«ተጎታች እኮ ክፍል አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ቅጹ ክፍሎችን ነው የሚጠይቀው። የኮክ ኬክ አቀረቡልኝ። ልሄድ ተነሥቼ ነበር። ድገሚ ሲሉኝ ተቀመጥኩ።»

*

ተጎታቹ ከበረቱ ኋላ ቆሟል። ታጥቧል። ቶልማን በሩን ሲከፍተው እንደ ምድጃ አፍ ሙቀቱ ፊቱን መታው። የውስጡ ነጭ ቀለም ከበሩ ዙሪያ በጥፍር ተፍቋል። በዝገቱ ስንጥቅ ውስጥ የሱፍ ክር ቀርቷል።

ረስት ከኋላው መጥቶ ቆመ። አልካደም።

«ሴትዮዋ እግሩን አይታ ብትጠይቀውስ? ከዚህ እንደጠፋ ይነግራት ነበር። ሠላሳ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ሠራተኛ... ለትንሽ ጊዜ ነው ያልኩት። ግን አትሄድም። ትበላለች፣ ታወራለች። እኔ ምሳው አልዋጥልኝ ብሎ ነበር፣ ቮን።»

«ጸጥ ሲልስ?»

«እንቅልፍ ወስዶት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።»

«ፈፋው ውስጥ ስትጥለውስ?»

ቶልማን የረስትን እጆች ወደ ኋላ አድርጎ ካቴናውን አሰረበት።

«እኔን ብቻ አድርገህ አታየኝ» አለ ረስት፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ። «ያን ጊዜ ሁሉ ከጎዳና ለቅማችሁ ያመጣችሁልኝ እናንተ አይደላችሁም? አንድ ቀን እንኳ ‹ለምን ይሸሻሉ?› ብላችሁ ጠይቃችኋል?»

ቶልማን ካቴናውን ማጥበቅ አስፈልጎት አልነበረም፤ ግን አጠበቀው።

አይዛያን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘው። መኪናው ውስጥ የተቀመጠውን ረስት አሻግሮ ሲያይ ቆየና ያን ጊዜ የደበቀው ነገር ወጣ።

«እኛም ሰምተናል ጌታዬ። የሚደበድበው እሱ እንደሆነ አውቀን ነበር። ‹ከፍ አድርጋችሁ ዘምሩ› ተባልን።» ጉልበቱን አቀፈ። «እኔ ከሁሉም በላይ ነው የጮኽኩት። ሴትዮዋ ‹አንተ ድምፅህ ጥሩ ነው› አለችኝ።»

ቶልማን አጠገቡ ተቀመጠ።

«ነገርኩዎት» አለ ልጁ። «አሁን ቤቴ እሄዳለሁ አይደል?»

*

ፈቃዱ አልተነጠቀም። ባለቤቶቹ፣ ሌላ ግዛት የሚኖሩና ማንም አይቷቸው የማያውቅ ሰዎች፣ ሳይነጠቁ በፈቃዳቸው መለሱት። ላንተርን ሜሳ ተዘጋ። ልጆቹን ግን ወደሚቀጥለው አውራጃ፣ እነዚያው ሰዎች በከብት እርባታ ቦታ ወዳቋቋሙት የጸሎት አዳሪ ቤት እንደሚያዛውሯቸው ለወላጆች ጻፉ። የጸሎት ቦታ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም።

ቶልማን ኦቾዋ ጋ ደወለ።

«ፈቃድ ከሌለው መዝገብ የለውም» አለች። ስታለቅስ የቆየች ይመስላል። «መዝገብ ከሌለው እኔ በሩን የማንኳኳበት መብት የለኝም። ድሮ በዓመት አንዴ እገባ ነበር። አሁን እሱም ቀረ።»

የአይዛያ እናት ጋም ደወለ። አዳመጠችው፤ በደንብ አዳመጠችው።

«አዝናለሁ ጌታዬ። ስለዚያ ልጅም አለቅሳለሁ። ግን የእኔን ልጅ እርስዎ አያውቁትም። ቤት ውስጥ ታናሽ እህት አለችው። ሌሊት ሌሊት እየወጣ መሞቱን ስጠብቅ ነበር የማድረው። እዚያ ቢያንስ በር ይቆለፋል።» ስልኩን ዘጋች።

ዐቃቤ ሕጉ ጋ፣ ዳኛዋ ጋ፣ ሸሪፉ ጋ ሄደ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁሉም ወላጅ ፈርሟል አሉ።

ነጫጮቹ መኪኖች ሐሙስ ጠዋት መጡ። ልጆቹ በካልሲ፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ፣ በሰልፍ ወጡ። ከበሩ ውጭ እህት አርቪላ ቆማለች። አንድ ጥንድ ቦት ጫማ በደረቷ አቅፋለች፤ የኤልዶን የእሑድ ጫማ፣ ተወልውሎ።

«እንዲህ በካልሲ ይወስዷቸዋል?» አለች። «ለዚያ ለቀጭኑ ይሆነዋል ብዬ አመጣሁ።»

ቶልማን ጫማውን ተቀብሎ ወደ አንዱ አጓጓዥ ሄዶ የአይዛያን ስም ነገረው። ጎልማሳው ዝርዝሩን አየ።

«ብሩም? ኮብላይ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ጫማ አይፈቀድለትም፣ ወንድሜ። ትእዛዝ ነው።»

አይዛያ ሰልፉ ላይ ቆሞ ነበር። ጫማውን አየ፤ ቶልማንን አየ።

«ቃሌ ነው ብለውኝ ነበር» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያለፈ ቀጠሮ እንደሚያስታውስ ሰው ነበር።

«አውቃለሁ» አለ ቶልማን።

በሩ ተዘጋ። መኪኖቹ አቧራ አልብሰዋቸው ወረዱ። ከመጨረሻው መኪና ውስጥ ትንሽ የመዝሙር ድምፅ የተሰማ መሰለው፤ ምናልባት ሞተሩ ይሆናል።

አርቪላ ጫማውን መልሳ ወሰደችው። አቧራውን በሽርጧ ጠረገች።

«እንግዲህ አንዱ መጥቶ በሬን ቢያንኳኳ ምን ላድርግ፣ ቮን?»

«ለእኛ ይደውሉ» ሊላት አፉን ከፈተ። የጠፋ ልጅ ሲገኝ ወላጆቹ ወዳስገቡት ቦታ እንዲመልስ ሕግ የሚያዘው እሱኑ መሆኑ ትዝ አለው። አፉን ዘጋው።

እሷ መልሱን ስትጠብቅ ቆየች።